«ቢልድ» ወደ ራያ ቆላ ሲወርድ

የእንግሊዝኛው «ቢልድ» ጥንት መኖሪያ ቤትን ከሚጠራ ስም የወጣ ግሥ ነው። ዛሬ መርከቡም፣ ጡንቻውም፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሙም፣ መተማመኑም በእሱ ይገለጻል። አማርኛ ግን ግሡን ከመስጠቱ በፊት «በምን? እንዴት?» ብሎ ይጠይቃል።

ድንጋይ ያለ ማያያዣ ሲደረደር ይካባል፤ በጭቃ ወይም በኖራ ሲያያዝ ይገነባል። ቤተ ክርስቲያን ይታነጻል፤ ድንኳን ይተከላል። ጎጆ ደግሞ ይቀለሳል፤ ሰው አንገቱን ሲደፋም «አንገቱን ቀለሰ» ይባላልና ግሡ ማጉበጥን አይረሳም። ሰውን ከልክ በላይ ማሞገስ «መካብ» መባሉም የሚገርም አይደለም፤ ማያያዣ የሌለው ውዳሴ ነው።

ከራያ ሜዳ በስተምዕራብ፣ ላስታ ላይ፣ ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የተመዘገቡት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውቅር ናቸው፤ ድንጋይ ተቀንሶባቸው እንጂ ተጨምሮባቸው አልቆሙም። ባልትና የምታውቅ ሴት የለሰለሰ የድንጋይ ወፍጮዋን ስታሻክርም «ወቀረች» ይባላል።

ጎብዬንና ቆቦን በያዘው የራያ ቆላ ደግሞ ሌላ ግሥ አለ። በክረምት ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ እንደ ጎቡና ሆርማት ባሉት ወንዞች አድርጎ ሜዳው ላይ ይለቀቃል። ገበሬው ወንዙ ውስጥ አፈር፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ አጋድሞ ውሃውን ወደ ማሽላ ማሳው ይመልሰዋል። እንግሊዝኛ ይህንንም «ቢልድ» ብሎ ያልፈዋል። የአገሩ ሰው ግን «ጠለፋ» ይለዋል። ልጃገረድ ትጠለፋለች፣ አውሮፕላን ይጠለፋል፤ ጎርፍም እንደዚያው ከመንገዱ ይወሰዳል። ስሙ ያረፈው ክምሩ ላይ ሳይሆን ውሃው ላይ ነው፤ ክምሩንማ የበረታ ጎርፍ ጠርጎት ሲሄድ እንደገና ማጋደም ያለ ነው።

የመንግሥት ቢሮ ግን ይህን የግሥ ምርጫ ጥንቃቄ ትቶታል። በ1994 ዓ.ም. የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ሲቋቋም «መገንባት» ከግንበኛው እጅ ወጥቶ ስብሰባ ገብቶ ነበር። አሁን ሰላምም፣ ገጽታም፣ አገርም ይገነባል። የማይዳሰሰውን ሁሉ ኖራና ድንጋይ የሚሻ አስመስሎታል፤ «ማስፈን» ወይም «ማጎልበት» ባለበት ቦታ ጭምር።

ቅርንጫፉና አፈሩ በኮንክሪት ሲተካ በጠለፋውም ላይ ግሡ ይለወጣል፤ ሪፖርቱ «ተገነባ» ብሎ ይጽፋል። የተገነባው ግን አሁንም «የወንዝ ጠለፋ ግድብ» ነው የሚባለው።