ከጭምብል ወደ ቢሮ፡ ፖለቲካዊ ስላቅና ገጽታ ግንባታ ከዳንግላና ከኢንጂባራ ሲታዩ

መነሻ

እ.ኤ.አ. በ2009 ለዕይታ የበቃው «ኢን ዘ ሉፕ» የተሰኘ የእንግሊዝ ኮሜዲ ፊልም ነገሩን የሚጀምረው ከአንድ የአፍ ወለምታ ነው። አንድ ሚኒስትር በሬዲዮ ስለ ጦርነት ሲጠየቅ ሳያስበው አንድ ቃል ያመልጠዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ቀሪው ፊልም መንግሥት ያችን ቃል ለማሸት የሚያደርገው ሩጫ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ እየተሳደበ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። አንዲት ባለሙያ የጦርነቱን ጥቅምና ጉዳት አመዛዝና የጻፈችው ሰነድ ጉዳቱ ተቆርጦ ጥቅሙ ብቻ ይቀራል። ሚኒስትሩ በመጨረሻ ከሥልጣን ሲወርድም ሰበቡ ጦርነቱ አይደለም፤ በምርጫ ክልሉ በጎረቤት ጓሮ ላይ ሊወድቅ የደረሰ የግንብ አጥር ነው። ዳይሬክተሩ አርማንዶ ያኑቺ ጦርነቱን የወሰኑትን ታላላቅ መሪዎች በፊልሙ አላሳየንም። ያሳየን ከእነሱ በታች ሆኖ ወሬ የሚያሳምረውን፣ ረቂቅ የሚያርመውንና ስልክ የሚያነሳውን ሹም ነው።

ይህ መጣጥፍ የሚያነሳው ጥያቄ እንዲህ ያለው ሹም በአማርኛ ፖለቲካዊ ስላቅ ውስጥ የታለ የሚል ነው። ስላቃችን አንድ ምዕት ዓመት ባስቆጠረ ታሪኩ ገዢውን በጭምብል ሲያሽሟጥጥ ኖሯል። ተደራሲውም ጭምብሉን ገልጦ «ይሄ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅን ተክኗል። «ነገሩ እንዴት ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ግን ባለቤት አላገኘም። ለዚህ ሁለት ምክንያት መስጠት ተለምዷል፤ አንዱ ሳንሱር፣ ሌላው የሰምና ወርቅ ባህላችን ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን አይበቁም።

አውሬ፣ ፅንስና እብድ

የዘመናዊ ኢትዮጵያ ቴአትር የተወለደው በፖለቲካዊ ስላቅ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. አካባቢ የጻፉት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ከላ ፎንቴን ተረቶች የተቀዳ ሲሆን፣ በአውሬዎች አፍ የቤተ መንግሥቱን ብልሹ አሠራር ይተች ነበር። በቴራስ ሆቴል በመኳንንቱ ፊት ከታየ በኋላ በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ታገደ፤ ቴአትርም እስከ 1923ቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ድረስ ከመድረክ ራቀ። ልብ ሊባል የሚገባው ደራሲው የመረጡት መንገድ ነው። ተክለ ሐዋርያት ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በሩሲያ በትምህርት ነበር። ሩሲያ ደግሞ ጎጎል በ1836 እ.ኤ.አ. የአንዲት ትንሽ ከተማ ሹማምንት መጣ የተባለን ተቆጣጣሪ ፈርተው ሲደናበሩ ያሳየበት ኮሜዲ አገር ናት። ከጎጎል አገር የተመለሱት ሰው ግን የከተማውን ሹም ትተው የፈረንሳዩን ተረት ወሰዱ። ለአዲስ አበባ መኳንንት አውሬ ከሹም የተሻለ መጋረጃ እንደሆነ ያወቁ ይመስላል፤ መጋረጃው ግን አላዳናቸውም።

ሁለተኛው ጭምብል ከጎጃም ይመጣል። አቤ ጉበኛ የተወለደው በአቸፈር ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቅኔ ተምሮ፣ ዘመናዊ ትምህርት ፍለጋ የመጣው ወደ ዳንግላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው «አልወለድም» በእናቱ ማኅፀን ሆኖ ወደዚህች ፍትሕ አልባ ምድር አልመጣም ብሎ የሚከራከር ፅንስ ያስተዋውቀናል። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ታገደ፤ ደራሲውም በኋላ ዘመን ወደ ጎሬ ተግዞ ኖሯል። ሌላው ሥራው «ጎብላንድ አጭበርባሪው ጦጣ» ገና በርእሱ ወደ አውሬው ጭምብል መመለሱን ይነግረናል።

አቤን በጋዜጠኝነት ከሠራባቸው የመንግሥት ቤቶች አንጻር ስናየው ጥያቄው ይከብዳል። ዜና እንዴት እንደሚታረም፣ የትኛው ስም ቀድሞ እንደሚጠራ፣ ምን እንደሚዘለል በቅርብ ያየ ሰው ነው። ሆኖም ለትችቱ የመረጠው ድምፅ ቢሮን አይቶ የማያውቅ፣ ዓለምን ራሷን ገና ያላየ ፍጡር ድምፅ ነው። ፅንሱ ግፉን በጅምላ ያወግዛል። ግፉ በየትኛው ደብዳቤ፣ በማን ፊርማ፣ በምን ዓይነት የቃል ለውጥ እንደሚያልፍ ግን ሊነግረን አይችልም።

ሦስተኛው ጭምብል እብድ ነው። በኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፊልም (1976 እ.ኤ.አ.) ከበበ የተባለው መሬቱን የተነጠቀ ሰው፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ባለርስቱን በአደባባይ ይዘልፋል። በበረከት በላይነህ ተጽፎ ግሩም ዘነበ ብቻውን በሚጫወተው «ፌስታሌን» ቴአትር ደግሞ እያዩ ፈንገስ ፌስታሉን ይዞ የከተማውን ፖለቲካ ይበልተዋል። የእብድ ንግግር አይያዝም፤ የሰማውም እብድ ነው ብሎ ያልፋል። ይህ ለደራሲው ትልቅ ነፃነት ነው።

አውሬው፣ ፅንሱና እብዱ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ሦስቱም ከቢሮ ውጭ ናቸው። የሥልጣንን ውጤት ያያሉ፣ አሠራሩን አያዩም። ስለዚህ ለተደራሲው የሚቀረው ሥራ ጭምብሉ የማን እንደሆነ መገመት ነው፤ አንበሳው ማን ነው፣ ጦጣውስ? ግምቱ ያስደስታል፣ ቡና ላይ ያጫውታል። የተገመተው ሹም ከወንበሩ ሲነሳ ግን ስላቁም አብሮት ይነሳል፤ የተተካው ሰው በዚያው ወንበር ያንኑ ሥራ ሲቀጥል የሚያየው የለም።

የመንግሥት መቀስ

ገጽታ ግንባታ ዳንግላና ኢንጂባራ በሚገኙበት በአዊ ምድር እንግዳ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. የካቲት በእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከበላያ ተነሥቶ ወደ ኢንጂባራ ሲወጣ፣ በጎጃም ከሰፈረው የጣሊያን ጦር ጋር በቁጥር የሚነጻጸር አልነበረም። ጣሊያን ዳንግላንና ኢንጂባራን ለቅቆ የወጣው የአርበኞቹ ክንድ ስለበረታበትና የመጣበትን ኃይል ከመጠኑ በላይ አግዝፎ ስላየው ነው። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር የመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍልም በአማርኛ የታተሙ በራሪ ወረቀቶችን እየበተነ፣ በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ የባንዳውን ልብ ይከፍል ነበር። ወሬ የሻለቃ ጦር ሥራ ሊሠራ እንደሚችል አካባቢው ያኔ አይቷል።

ለዚህ መጣጥፍ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የ1967 ዓ.ም. መባቻ ነው። የወሎው ረሃብ ተደብቆ ሳለ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ዘገባ በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. ለዓለም ታየ። ደርግ ይህንኑ ዘገባ ወስዶ፣ በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብር እያስገባ ቆራርጦ ቀጠለውና መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ።

በዚያ ምሽት የታየው እያንዳንዱ ምስል እውነት ነበር። ረሃቡ ነበረ፤ ግብሩም ነበረ። ሥራውን የሠራው መቀሱ ነው። ሁለት እውነቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሦስተኛ ትርጉም መውለድ ደግሞ የስላቅ ዋና መሣሪያ ነው። ማለትም ያን ማታ መንግሥት የመሆን ጉዞ ላይ ያለ አካል የአሽሟጣጩን መሣሪያ ተውሶ ተጠቀመበት። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን አልመለሰም። በመስከረም 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር በሰሜን የተንሰራፋው ረሃብ ከስክሪኑ ውጭ እንዲቀር የተደረገው በዚያው መቀስ ነው። ገጽታ ግንባታን ከተራ ውሸት የሚለየውም ይህ ነው፤ ሐሰት ከመናገር ይልቅ እውነትን ይመርጣል፣ ያስቀድማል፣ ያስቀራል። በጅምላ የሚያወግዝ ፅንስ ወይም እብድ ይህን ረቂቅ ሥራ ሊያጋልጥ አይችልም። ማጋለጥ የሚችለው መቀሱን የያዘውን እጅ በቅርብ ያየ ሰው ነው።

ቢሮው አንድ ጊዜ ሲከፈት

ያን እጅ ያሳየን በዓሉ ግርማ ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲታተም ደራሲው በማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ነበር፤ ልብ ወለዱ የሚተርከውን በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻም በቦታው ተገኝቶ አይቷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው። በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ወሬ የሚያሳምረው ሰው ራሱ ተራኪ ሆኖ የቀረበበት ታላቅ ሥራ ይህ ነው። ስብሰባው፣ መግለጫው፣ የሹማምንቱ ኩራትና በመድረክ በሚባለውና በጓዳ በሚታወቀው መካከል ያለው ርቀት ሁሉ ያለ አውሬና ያለ እብድ ቀርቧል። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሳንሱርን ጭካኔ ለማስረዳት ነው፤ ነውም። ነገር ግን የመጽሐፉ አነባበብም ሊመረመር ይገባዋል። ባለሥልጣናቱ «ኦሮማይ»ን ያነበቡት «ይሄ እኔ ነኝ» ብለው ነው፤ ተራው አንባቢም «ይሄ እገሌ ነው» እያለ። በዓሉ ስለ አንድ አሠራር ጽፎ ሳለ ሁለቱም ወገኖች የሰዎች ዝርዝር አድርገው አነበቡት። ጭምብል የሌለውን ሥራ እንኳ ጭምብል አጥልቀንለት አንብበነዋል ማለት ነው። ሳንሱር ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም የምለው በዚህ የተነሣ ነው፤ ችግሩ ከጸሐፊው ፍርሃት አልፎ በአንባቢው ልማድ ውስጥም ተቀምጧል።

ካፌው

ሳንሱር በሕግ ከተነሣ በኋላ የመጣውን ሥራ ስናይ ይህ ግምት ይጠናከራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በፋና ቴሌቪዥን የታየው «ምን ልታዘዝ» ተከታታይ ኮሜዲ በአገራችን ስክሪን ከታዩት ፖለቲካዊ ስላቆች ሁሉ ደፋሩ ሊባል የሚችል ነው። በሥርዓት ለውጡ ማግስት የአገሪቱን ፖለቲካ በአንድ ካፌ ውስጥ አስገብቶ አሳቀን፤ የካፌው አስተዳደር የመንግሥት፣ የሠራተኞቹ ንትርክ የፖለቲካ ኃይሎች ምሳሌ ሆነ። ድፍረቱ የሚደነቅ ነው። ቅርጹ ግን ያው የጥንቱ ነው፤ ካፌው የላ ፎንቴንን ጫካ ተካ፣ አስተናጋጁ አውሬውን። ተመልካቹም ክፍሉ ባለቀ ቁጥር ማን ማንን እንደወከለ ሲከራከር አመሸ። ማንም ሳያስገድደው ጭምብሉ የተመረጠው የቅኔ ጆሮ ያለው ሕዝብ ፍቺ ስለሚወድ ነው። ሰምና ወርቅ እንግዲህ ሀብትም ገደብም ነው፤ ወርቁን ባገኘን ጊዜ ፍለጋው ያበቃል፣ ወርቁ በማን እጅ እንደተነጠረ አንጠይቅም።

ከኢንጂባራ የሚታየው

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ኢንጂባራ ለዚህ ጥያቄ ተገቢ ቦታ የምትሆነው ትልቅ ፖለቲካ ስለሚወሰንባት አይደለም፤ ስለማይወሰንባት ነው። ዞን ማለት ከታች የሚመጣው ወሬ ተስተካክሎ ወደ ላይ፣ ከላይ የሚመጣው አቅጣጫ ተተርጉሞ ወደ ታች የሚያልፍበት በር ነው።

በምሳሌ እንየው። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ወረዳዎች ገበሬው የሚተዳደረው በድንችና ለከሰል በሚተክለው ዲከረንስ በተባለ ዛፍ ነው። አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ «የዲከረንስ ችግኝ በበሽታ እየደረቀ ነው፣ ገበሬው ግራ ገብቶታል» ብሎ ጻፈ እንበል። የወረዳው ባለሙያ «ግራ ገብቶታል» የሚለውን ያነሣና «የግንዛቤ ክፍተት ይታያል» ያደርገዋል። በዞን ሪፖርቱ «በሽታን የመከላከል ሥራ በንቅናቄ እየተሠራ ሲሆን ውስን ክፍተት ቢኖርም አበረታች ውጤት ታይቷል» ይሆናል። ክልል ሲደርስ ክፍተቱ ይወድቃል፣ ንቅናቄው ይቀራል። ለዜና ሲበቃ ደግሞ «ርብርቡ ተጠናክሮ ቀጥሏል»። ያ ዜና በክልሉ ሬዲዮ የአውኝኛ ፕሮግራም ተተርጉሞ ይነበብና ገበሬው ስለራሱ የደረቀ ዛፍ በራሱ ቋንቋ ይሰማል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የዋሸ ሰው የለም። እያንዳንዱ አንዲት ቃል አለሳለሰ፣ ያውም ለአለቃው ብሎ። ገዢ አንበሳ የለበትም፤ ማን ነው ተብሎ የሚገመት ሹምም የለበትም። ኮሜዲው ያለው በደረጃዎቹ መካከል ነው፤ በተለይ ተርጓሚው «ውስን ክፍተት»ን ለአውኝኛ አድማጭ ሲያቀርብ የሚገባበት ጭንቀት ብቻውን አንድ ትዕይንት ይወጣዋል። የቢሮው አማርኛ ገበያ ወጥቶ አያውቅም፤ የገበያውም አውኝኛ ሪፖርት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሁለቱ የሚገናኙት በዚያ የትርጉም ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጥር 23 በኢንጂባራ በየዓመቱ የሚከበረው፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓልም ለእንዲህ ያለ ፊልም ሌላ መድረክ ይሰጣል። ጉግሱ ሜዳ ላይ ነው፤ ንግግሩ የክብር ድንኳኑ ውስጥ ነው። ካሜራው ከሁለቱ የትኛውን ስንት ደቂቃ ይያዝ የሚለው ውሳኔ ከመስከረም 1967ቱ መቀስ ጋር በዓይነት አንድ ነው፤ የሚለየው በመጠን ነው።

መደምደሚያ

የአማርኛ ፖለቲካዊ ስላቅ ድፍረት አንሶት አያውቅም፤ ዕግድን፣ ግዞትን፣ ከዚያም የከፋውን ከፍሏል። የጎደለው የአቅጣጫ ነገር ነው። አውሬው፣ ፅንሱ፣ እብዱና ካፌው ገዢን ለማወቅ ጠቅመውናል፤ አገዛዝ በየዕለቱ በየጠረጴዛው እንዴት እንደሚጻፍ ለማወቅ ግን አይበቁም። «ኦሮማይ» በሩን ከፍቶ ነበር፤ ደራሲው ጠፋ፣ አንባቢውም ስም ሲፈልግ በሩን ሳያልፍበት ቀረ። ቀጣዩ የስላቅ ጸሐፊ አዲስ ጭምብል መፈልሰፍ አይጠበቅበትም። ግምገማ ላይ የተቀመጠ፣ ቃለ ጉባኤ የያዘ፣ ሪፖርት ያጠናቀረ ሰው ጆሮ ይበቃዋል፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በየወረዳው ሞልቷል። እንዲህ ያለ ፊልም ሲሠራ መሳካቱ የሚለካው ከአዳራሹ የወጣው ተመልካች «ማንን ነው?» ማለቱን ትቶ፣ በማግስቱ የሚሰማውን ዜና «ይሄ ቃል ከየትኛው ቢሮ ገባ?» እያለ ማዳመጥ ሲጀምር ነው።