የብሮድካስት ዘገባ ሦስቱ ግዴታዎች፦ ትክክለኛነት፣ ገለልተኝነትና ፍትሐዊነት

የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዘገባ በሦስት ግዴታዎች ይመዘናል። ትክክለኛነት የሚነገረው እውነት መሆኑን ከመተላለፉ በፊት ማረጋገጥ ነው። ገለልተኝነት በሚያከራክር ጉዳይ ላይ ወገን ሳይዙ ልዩ ልዩ አቋሞችን ማስተናገድ ነው። ፍትሐዊነት ደግሞ ለተወቀሰ አካል የመልስ ዕድል መስጠትን ይጠይቃል።

የሕግ መሠረት

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 የፕሬስ ነፃነትን ያረጋግጣል፤ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። ይኸው አንቀጽ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን በሚያስተናግድ መንገድ እንዲመራ ያዛል። ዘርፉ ቀድሞ በብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ይመራ ነበር፤ አሁን የሚመራው በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው።

ትክክለኛነት በእንሰት ማሳ

የእንሰት አጠውልግ በሽታ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። መከላከያው የታመመውን ተክል ነቅሎ ማስወገድና የሥራ መሣሪያን በእሳት ማጽዳት ነው። «መድኃኒት ተገኘ» የሚል ያልተጣራ ዜና ቢተላለፍ፣ አርሶ አደሩ የታመመውን ተክል ሳይነቅል ይጠብቃል፤ ዓመታት የፈጀው ጓሮም ይጠፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መረጃ በግብርና ባለሙያ ሳይረጋገጥ አየር ላይ መዋል የለበትም።

ገለልተኝነት በአደረጃጀት ጥያቄ

በኅዳር 2015 ዓ.ም. የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ዞኑ ከአጎራባች ዞኖች ጋር በአንድ ክልል እንዲደራጅ የቀረበለትን ሐሳብ በአብላጫ ድምፅ ውድቅ አደረገ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ግን ጉራጌን ያካተተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። በዚህ ጉዳይ «ሕዝቡ ተቃወመ» ወይም «ሕዝቡ ደገፈ» ብሎ መደምደም ከተረጋገጠው በላይ መናገር ነው። የተረጋገጠው የምክር ቤቱ ድምፅ ነው፤ የደጋፊውም የተቃዋሚውም ምክንያት መሰማት ይኖርበታል።

ፍትሐዊነት በግጭትና በቋንቋ

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመስቃንና በማረቆ አካባቢ ግጭቶች ደርሰዋል። ከአንድ ወገን ብቻ የተሰማን የጉዳት ወሬ መዘገብ ሌላ ጉዳት ይጠራል። ድርጊቱን ለፈጸሙት ግለሰቦች እንጂ ለብሔረሰብ መስጠት አይገባም። እንደዚሁም በቸሃ፣ በክስታኔ ወይም በመስቃን ቋንቋ የተነገረ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ «ሰማሁ» ያለው ሰው «አየሁ» እንዳለ ተደርጎ መቅረብ የለበትም።

እርማት

ጋዜጣ ተመልሶ ይነበባል፤ የሬዲዮ ቃል ግን ከአፍ እንደወጣ ያልፋል። ስለዚህ የተሳሳተ ዘገባ ሳይዘገይ፣ ስሕተቱ በተላለፈበት ፕሮግራምና ሰዓት፣ ስሕተቱ ምን እንደነበረ በግልጽ ተጠቅሶ ሊታረም ይገባል። በገበያ ቀን የተነገረ የተሳሳተ የበርበሬ ዋጋ በማግሥቱ ቢታረም፣ ምርቱን ሸጦ ለገባ ገበሬ አይደርስም።