ከነጋድራስ እስከ ንግድ ሚኒስቴር፦ ከየጁ መንገድ የታየ የአንድ ሹመት ታሪክ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግዱም የውጭ ጉዳዩም ሥራ በአንድ ሰው፣ በነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል እጅ ገባ። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ወንበር ላይ መዋላቸው በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ከቤተ መንግሥቱ ጋር የሚነጋገሩት የውጭ አገር ሰዎች አብዛኞቹ ወይ ነጋዴዎች ወይም የነጋዴዎቻቸውን ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ቆንስሎች ስለነበሩ፣ የቀረጡን ደብተር የያዘው ሰው የውሉንም ደብተር ቢይዝ ለመንግሥቱ ይቀል ነበር። ይህ አጀማመር ግን በሹመቱ ላይ አሻራውን ትቶ አልፏል፤ የንግድ ሚኒስትርነት ከዚያ ወዲህ ባለፉት ዘመናት ሁሉ ፊቱን ወደ ወደብና ወደ ውጭ አገር አዙሮ የቆየ ሹመት ሲሆን፣ የወሎዎቹን ወልዲያንና መርሳን የመሰሉ የመሀል አገር ገበያዎች የሚያውቁት በኬላውና በእህሉ በኩል ብቻ ነው።

ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ከሚኒስትርነት እጅግ የቀደመ ነው። መጀመሪያ ሲራራ ነጋዴዎች፣ ማለትም ጭነታቸውን በበቅሎና በአህያ እያስጫኑ ከአገር አገር የሚዘልቁ የሩቅ መንገድ ነጋዴዎች፣ በጉዟቸው ለሚመራቸውና በጠባቸው ለሚዳኛቸው አለቃ የሚሰጥ ስም ነበር፤ በኋላ ግን ንጉሡ ወይም የአገሩ ገዥ የሚሾመው፣ ኬላ የሚያስጠብቅ፣ ቀረጥ የሚሰበስብና በገበያ የሚፈርድ ሹም ሆነ። ከእነዚህ የሲራራ መንገዶች አንዱ የአፋር በረሃ አሞሌ ጨው ወደ ትግራይ ከወጣ በኋላ በራያና በቆቦ አድርጎ በየጁ ምድር በኩል ወደ ሐይቅና ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ይወርድበት የነበረው መስመር ነው። ወልዲያና መርሳ በዚህ መስመር ላይ የላስታና የየጁ ደጋ ከምሥራቁ ቆላ በሚገናኝበት ቦታ የሚገኙ በመሆናቸው፣ የደጋው ገብስና ስንዴ፣ የቆላው ማሽላና ከብት፣ ከሩቅ የመጣው ጨውና ሸማ የሚገናኙባቸው ገበያዎች ለመሆን የመልክዓ ምድሩ አቀማመጥ ራሱ አዘጋጅቷቸዋል።

በዚያ ዘመን በኬላ ላይ ይሆን የነበረውን ማየት የሹመቱን ባሕርይ ለመረዳት ይረዳል። ጭነቱ ከበቅሎው ጀርባ ይወርዳል፣ ስልቻው ይፈታል፣ ኬለኛው አሞሌውን ይቆጥራል፣ ቀረጡም በዓይነት ወይም በማርያ ቴሬዛ ብር ይከፈላል፤ ነጋዴው ጭኖ ወደሚቀጥለው ገዥ ግዛት ሲሻገርም ያው ነገር እንደገና ይጀመራል። የየጁ መሳፍንት፣ ከታላቁ ራስ አሊ እስከ ዳግማዊ ራስ አሊ ድረስ በዘመነ መሳፍንት የጎንደሩን ዙፋን እየጠበቁ የገዙት ራሶች፣ በኖሩበት ዘመን ይህ የኬላ ገቢ የአገር ገዥ ሁሉ መብት ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ስለዚህ ንግድን የሚመለከት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊኖር የሚችለው ኬላው ከገዥው እጅ ወጥቶ ወደ ማዕከል ሲሰበሰብ ብቻ ነበር።

ይህ መሰብሰብ የተጀመረው ከውጭ በመጣ ግፊት ጭምር ነው። መርሳ ካለችበት ከሀብሩ ወረዳ በስተደቡብ ባለችው በአምባሰል ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ በተነሣው ክርክርና ባስከተለው የዓድዋ ጦርነት ብቻ ይታወሳል፤ ይሁን እንጂ ስሙ የወዳጅነትና የንግድ ውል ነበር፤ ስለ ነጋዴዎች ነፃ መተላለፍም አንቀጾች ነበሩት። ከዓመታት በኋላ፣ ሚኒስትሮች በተሾሙበት በዚያው ዓመት፣ በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በፈረንሳዩ መልእክተኛ ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው ስምምነት ደግሞ በአብዛኛው ወደ አገር በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ አሰረ። አዲሱ የንግድ ሚኒስትር ሥራውን የጀመረው እንግዲህ ዋናው ሥልጣኑ፣ ቀረጥ የመወሰን ሥልጣን፣ በውል ታስሮ ነው።

በዚህ ዘመን ስለ ንግድ አብልጠው ካሰቡት መካከል ራሳቸው በነጋድራስነት ያገለገሉት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሁሉ በፊት ሊጠሩ ይገባል። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ንግድ የሚጠቅመው የአገሩ ሰው የሚሠራው ሥራና የሚያገኘው ዕውቀት ሲያድግ መሆኑን፣ ጥሬ ዕቃ እየሰጠ የተሠራ ዕቃ የሚቀበል አገር ለሌላው ገባር እንደሚሆን አስረድተዋል። ይህ ሐሳብ ከወደብ ይልቅ የመሀል አገሩን አምራች ያስቀደመ በመሆኑ ከሹመቱ ልማድ ጋር የሚቃረን ነበር፤ ሰሚ ባለማግኘቱም አገሪቱ ብዙ አጥታለች።

በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከአሥመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የተሠራው የመኪና መንገድ የሲራራውን መስመር በብዙው ተከትሎ በወልዲያና በመርሳ አለፈ፤ የበቅሎው ጭነትም ቀስ በቀስ ለጭነት መኪና ቦታውን ለቀቀ። ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣን የወሰነው ትእዛዝ ንግድንና ኢንዱስትሪን በአንድ ሚኒስቴር አደረገ፤ መኰንን ሀብተ ወልድ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ካደራጁት ዋናው ሰው ሆኑ። ቀደም ሲል የንግድ ሚኒስትር የነበሩት መኰንን እንዳልካቸው ከዚያ ሹመት ወደ ለንደን በመልእክተኛነት ሄደው ነበር፤ ልጃቸው ልጅ እንዳልካቸው መኰንንም በ1950ዎቹ ያንኑ ወንበር ያዙ፤ ከተማ ይፍሩ ደግሞ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ወደ ንግድ፣ ኢንዱስትሪና ቱሪዝም ሚኒስትርነት ተዛወሩ። የ1900ው ጥምረት በሕግ ቢቀርም በሰዎቹ ላይ ቀጥሎ ነበር ማለት ይቻላል።

የዚህ ወደ ውጭ ማተኮር ዋጋ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በድርቅና በረሀብ ተከፈለ። ድርቁ ክፉኛ ከጎዳቸው አውራጃዎች አንዱ ወልዲያን ዋና ከተማው ያደረገውና ሀብሩንም የሚጨምረው የየጁ አውራጃ ሲሆን፣ ረሀብተኛው ሕዝብ እርዳታ ፍለጋ የወረደው ወደዚያው የአሥመራ–አዲስ አበባ ዋና መንገድ ነበር። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል ነበር። ምክንያቱ ገበሬው ሰብሉን በማጣቱ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረውና እህል ደግሞ ገንዘብ ወዳለበት ስለሚሄድ ነው። ዋጋን ብቻ የሚመለከት የንግድ መሥሪያ ቤት ይህን ረሀብ ከመዝገቡ ሊያነበው አይችልም ነበር፤ ዋጋው ጸጥ ባለበት ገበያ ሰው እያለቀ ነበርና።

ደርግ የተቃራኒውን መንገድ ያዘ። ንግዱ በአገር ውስጥ ንግድ ሚኒስቴርና በውጭ ንግድ ሚኒስቴር ተከፈለ፤ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ በአጭሩ እሰገድ የሚባለው፣ በተቆረጠ ዋጋ ከገበሬው ኮታ ይሰበስብ ጀመር፤ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንደ ልብ እንዳይዘዋወርም ኬላዎች ተመለሱ። እጅግ የሚያሳዝነው የጊዜው መገጣጠም ነው። በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራውና ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው የወረታ–ወልዲያ መንገድ በ1970ዎቹ ሲጠናቀቅ የፎገራንና የጎጃምን ትርፍ እህል በቀጥታ ወደ ወልዲያ ለማድረስ የሚያስችል ነበር፤ በ1977ቱ ረሀብ ግን ነጋዴው በዚያ መንገድ እንደ ልቡ ጭኖ እንዳይመጣ ፈቃዱና ኬላው ይይዙት ነበር። ኮታውና የእህል ዝውውር እገዳው የተነሡት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲን ካወጁ በኋላ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ደጋግሞ ለውጧል፤ ከኢንዱስትሪ ጋር ተጣምሯል፣ ተለያይቷል፣ እንደገና ተጣምሯል። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሲባል ወልዲያና መርሳ በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ ዋናው መንገድ ተዘግቶ፣ ሱቆች ተዘርፈው ነበር። አዲሱ ስም ዳግመኛ ወደ ጎረቤት አገሮችና ወደ አፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና የሚመለከት ሲሆን፣ የአገር ውስጡ ንግድ የዕለት ተዕለት ሥራ በፌዴራሉ ሥርዓት ለክልሎች ተትቷል። መርሳ ላይ የእህል ነጋዴ ፈቃዱን የሚያሳድሰው፣ ሚዛኑ የሚፈተሸው፣ ያከማቸው ምርት የሚጠየቀው በሀብሩ ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የዚያ ጽሕፈት ቤት ተጠሪነት ለዞኑ፣ የዞኑም ለክልሉ ቢሮ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሚኒስትር ከዚህ መሰላል ውጭ ይቀመጣል።