የቤት ማሰሪያ፦ የፖርቶ ሪኮ የብሎኬት ግድግዳ ታሪክ

ፖርቶ ሪኮ በካሪቢያን ባሕርና በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ጫፏ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትረዝም ደሴት ስትሆን፣ በየዓመቱ ከግንቦት ማብቂያ እስከ ኅዳር በሞቃቱ ውቅያኖስ ላይ እየበረቱ ወደ ምዕራብ የሚጓዙት አውሎ ነፋሶች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ተቀምጣለች። የብዙዎቹ አውሎ ነፋሶች መነሻ ከአፍሪካ የሚመጣ የአየር ሞገድ ሲሆን፣ የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች የዚህን ሞገድ ምንጭ እስከ ሱዳንና እስከ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ድረስ ወደ ምሥራቅ ተከትለውታል። ዓለም ዛሬ ሃሪኬን የሚለው ስም ራሱ የካሪቢያን ደሴቶች ጥንታዊ ነዋሪዎች ከሆኑት ከታይኖዎች ቋንቋ በስፓኒሽ በኩል የተወረሰ ነው። በመሆኑም በደሴቲቱ የቤት አሠራር ታሪክና የነፋስ ታሪክ ተለያይተው ሊጻፉ አይችሉም።

የደሴቲቱ ሕዝብ በስፓኝ አገዛዝ ዘመንም ሆነ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1898 ከያዘቻት በኋላ ለረጅም ጊዜ አውሎ ነፋሶችን የሚጠራቸው በወረዱበት ዕለት በሚታሰበው ቅዱስ ስም ነበር፤ ወሩን በቅዱሳን በዓላት ለሚቆጥር የኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ልማድ እንግዳ አይሆንበትም። በነሐሴ 1899 ከ3 ሺሕ በላይ ሰው የፈጀው ሳን ሲሪያኮ፣ በመስከረም 1928 የመጣውም ሳን ፌሊፔ ተባለ። በ1876 በዚያው ዕለት የወረደ ሌላ ሳን ፌሊፔ ስለነበረ የ1928ቱ «ሁለተኛው» የሚል ቅጽል ተጨመረለት። አንድ ቅዱስ ለሁለት መዓት ስሙን ማዋሱ ነፋሱ ምን ያህል እንደሚመላለስ ይናገራል።

በእነዚያ ዘመናት የድኻው ገበሬ መኖሪያ ቦሂዮ የሚባለው ጎጆ ነበር። ይህ ስምም የታይኖዎች ነው፤ ቤቱ የእንጨት ምሰሶዎች፣ ከዘንባባ ቅርፊት ወይም ከሳንቃ የተሠራ ግድግዳ፣ የዘንባባ ቅጠል ወይም የሣር ክዳን ነበረው። ቦሂዮ ነፋስን የሚቋቋም ቤት አልነበረም፤ ባለቤቱም ይህን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ብዙ ገጠሬዎች ከቤታቸው አጠገብ ቶርሜንቴራ የሚባል መሸሸጊያ ያዘጋጁ ነበር። ቶርሜንቴራ መሬቱ በከፊል ተቆፍሮ፣ ሁለት የክዳን ገጾች ከላይ ተጋጥመው ከታች አፈር እስኪነኩ ድረስ የተዘረጉበት ዝቅተኛ መጠለያ ሲሆን፣ ነፋስ የሚይዘው ቀጥ ያለ ግድግዳ ስለሌለው አውሎው በላዩ ይሻገራል። የገጠሩ ሰው ስለ ነፋስ የነበረው ዕውቀት ጥልቅ እንደነበረ ይህ መጠለያ ብቻውን ይመሰክራል። የጎደለው ገንዘብና መሬት ነበር፤ አብዛኛው የገጠር ነዋሪ በሰው መሬት ላይ በባለርስቱ ፈቃድ የሚኖር ጭሰኛ ስለነበረ፣ ነገ ልቀቅ ሊባል በሚችልበት ቦታ ላይ የማይነቀል ቤት የሚሠራበት ምክንያት አልነበረውም።

መስከረም 13 ቀን 1928 የወረደው ሁለተኛው ሳን ፌሊፔ በሰዓት 257 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት የተለካበት፣ በደሴቲቱ ታሪክ በከፍተኛው፣ በአምስተኛው ደረጃ ኃይል መሬት እንደረገጠ የተመዘገበ ብቸኛው አውሎ ነፋስ ነው። የሞቱት ሰዎች 312 ሲሆኑ፣ ከ24 ሺሕ በላይ ቤቶች ፈርሰው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የማይበልጠው ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆነው መጠለያ አጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ሳን ሲፕሪያን ተከተለ፤ እንደገና ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደሴቲቱ ከእንጨትና ከሣር ወደ ሲሚንቶ ለመሻገር የወሰነችው በእነዚህ ሁለት ምቶች መካከልና ማግስት ነው ማለት ይቻላል።

ቁሱ ግን አስቀድሞ ተፈልስፎ ነበር። ኮንክሪት ሲጫኑት እጅግ ጠንካራ፣ ሲስቡት ወይም ሲያጎብጡት ግን ተሰባሪ በመሆኑ፣ መሳቡን የሚችል ብረት በውስጡ መቅበር ያስፈልጋል፤ ይህን ጥምረት ፈረንሳዊው አትክልተኛ ጆሴፍ ሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1867 ለአበባ ማሰሮዎች የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። የስፓኒሽ ተናጋሪዎች ይህን ኮንክሪት «አርማዶ»፣ ማለትም የታጠቀ፣ ይሉታል፤ አማርኛም ከጣልያንኛ የወረሰው «አርማታ» የሚለው ቃል ከዚያው ሥር የወጣ በመሆኑ፣ የአዲስ አበባ ግንበኛና የሳን ሁዋን ግንበኛ ብረቱን እንደ ትጥቅ በሚቆጥር በአንድ ቃል ይግባባሉ። ሆዱ ባዶ የሆነው ብሎኬት በበኩሉ የአሜሪካዊው ሃርመን ፓልመር ሥራ ነው፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1900 ባለቤትነቱን ያስመዘገበው መሣሪያ ማንኛውም ሠራተኛ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ቀላቅሎ በመንደሩ ውስጥ ብሎኬት እንዲያመርት አስቻለ።

የብሎኬት ግድግዳ ስለ ከበደ ብቻ ነፋስን ይቋቋማል የሚለው እምነት በሰፊው ቢነገርም ግማሽ እውነት ነው። ነፋስ በቤት ላይ ሲያልፍ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ይገፋል፣ የጀርባውንና የጎኑን ወደ ውጭ ይስባል፣ ጣሪያውንም ወደ ላይ ያነሣል፤ ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ መስኮት ወይም በር ከተሰበረ ደግሞ ወደ ውስጥ የገባው አየር ከውስጥ ወደ ላይ ስለሚገፋ በጣሪያው ላይ የሚደርሰው ኃይል ይበረታል። በቡኬት ሲሚንቶ እየተጣበቀ የተደረደረ፣ ብረት የሌለበት ብሎኬት ከላይ የሚጫነውን ሸክም በሚገባ ይችላል፤ ከጎን ሲገፋ ግን በድርድሩ መጋጠሚያ ላይ ይከፈትና እንደ በር ይታጠፋል። ስለዚህ በአውሎ ነፋስ አገር የሚሠራ ግድግዳ ዋናው ምስጢር ማሰሪያው ነው። መሠረቱ ሲሞላ ፌሮዎች ጫፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው እንዲቀሩ ይደረጋል፤ ብሎኬቶቹ ቀዳዳቸው ከቀዳዳ ጋር እንዲገጥም ሆነው ይደረደራሉ፤ በማዕዘኖች፣ በበርና በመስኮት ዳርና ዳር እንዲሁም በመሐል በተወሰነ ርቀት ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ቀጥ ያለ ፌሮ ገብቶ ከመሠረቱ ፌሮ ጋር በበቂ ርዝመት ይደራረባል፤ ከዚያም ቀዳዳው በቀጭን ኮንክሪት እስከ ላይ ይሞላል። በግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን የሚታጠቀው የአርማታ ቢም ደግሞ እነዚህን ቀጥ ያሉ ፌሮዎች አንድ ላይ ይይዛል፤ ጣሪያው የአርማታ ሶሌታ ከሆነ ከዚህ ቢም ጋር አብሮ ይፈስሳል፣ እንጨትና ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ማገር በቢሙ ውስጥ በተቀበረ የብረት ማሰሪያ ይያዛል። ነፋሱ ጣሪያውን ሊያነሣ ሲሞክር የሚያነሣው ጣሪያውን ብቻ ሳይሆን፣ በዚህ ሰንሰለት በኩል ግድግዳውንና መሠረቱን ጭምር ይሆናል። ክብደት የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው፤ ካልታሰረ ክብደት የሚያድን ሳይሆን የሚወድቅ ነገር ነው። ብሎኬትን በኮለኖች መካከል ያለን ክፍት ቦታ የሚዘጋ ሙሌት አድርጎ የሚያውቅ የኢትዮጵያ አንባቢ ልዩነቱን መለየት ያሻዋል፦ በዚህ ዓይነቱ ቤት ብሎኬቱ ራሱ ተሸካሚ ነው፤ ኮለኑም በቀዳዳው ውስጥ ተሰውሯል።

ይህ ሁሉ ሲሚንቶ ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ ደግሞ በመርከብ ስለሚመጣ ውድ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1935 ያቋቋሙት የፖርቶ ሪኮ መልሶ ግንባታ አስተዳደር ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ምናልባት ዘላቂው ውጤት ያለው፣ በሳን ሁዋን አቅራቢያ የሲሚንቶ ፋብሪካ ማስገንባቱ ነው። የኖራ ድንጋይ በደሴቲቱ ሞልቶ ሳለ ሲሚንቶ ከባሕር ማዶ መምጣቱ አብቅቶ፣ በ1939 የአገሬው ምርት ጀመረ፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያም የፌሬ ቤተሰብ በፖንሴ ከተማ ሌላ ፋብሪካ ከፈተ። ያው አስተዳደር ለሠራተኞች የሚሆኑ የአርማታ ቤቶችን በከተማና በገጠር አሠርቷል፤ በሳን ሁዋን የሚገኘውና በ1937 የተጠናቀቀው ኤል ፋላንስቴሪዮ የተባለው የመኖሪያ ሕንፃ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ሁለተኛው ጉድለት፣ ማለትም የመሬት ጥያቄ፣ መልስ ማግኘት የጀመረው በ1941ዱ የመሬት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መሬት አልባ ጭሰኞች ፓርሴላ የሚባሉ አነስተኛ የቤት ቦታዎች ተሰጧቸው፤ ቦሂዮው የቆመበት መሬት የባለቤቱ ሲሆን ብቻ ነው ብሎኬት መግዛት ትርጉም ያገኘው። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መንግሥት «የእርስ በርስ እርዳታና የራስ ጥረት» የሚል ሥያሜ ያለው መርሐ ግብር በገጠር አስፋፋ፤ የአንድ መንደር ቤተሰቦች ተቧድነው መንግሥት በብድር ባቀረበላቸው ሲሚንቶና ብረት፣ በአንድ የሥራ ተቆጣጣሪ መሪነት፣ ብሎኬቱን ራሳቸው እያመረቱ የሁሉንም ቤት በጋራ ጉልበት ይሠሩ ነበር። በኢትዮጵያ ገጠር ደቦ የሚባለው ልማድ በሌላ ባሕር ዳርቻ ፌሮና ሲሚንቶ ይዞ ሲታይ ይህን ይመስላል። ስለ ፖርቶ ሪኮ ዘመናዊነት የሚጻፉ መጻሕፍት ፋብሪካዎቹንና የከተማ መንደሮቹን ቢያጎሉም፣ ሕዝቡን ከነፋስ በማዳን ረገድ የእነዚህ ቅዳሜና እሑድ የሚሠሩ ገበሬዎች ድርሻ የላቀ ክብር ይገባዋል። በዋና ከተማይቱ በ1948 ገደማ ፑዌርቶ ኑዌቮ በተባለው ሰፈር በሺዎች የሚቆጠሩ የአርማታ ቤቶች በፍጥነት መሠራታቸው የዚያው ዘመን ሌላ ገጽታ ነው።

የሲሚንቶ ቤት ከዚያ በኋላ የመጠለያ ብቻ ሳይሆን የኑሮ መሻሻል ምልክት ሆነ። ባለቤቱ ነገ ልጁ ሁለተኛ ፎቅ እንዲጨምር አስቦ የኮለኖቹን ፌሮ ከሶሌታው በላይ ተርፎ እንዲቀር ያደርጋል፤ ቁልቁለት ላይ ወይም ጎርፍ በሚያሰጋበት ቦታ የሚሠራው ደግሞ ቤቱን በረጃጅም ኮለኖች ላይ አንሥቶ ከሥሩ መኪናውን ያቆማል። ይሁን እንጂ ብዙው ቤት የሚሠራው ያለ መሐንዲስና ያለ ፈቃድ፣ በቤተሰብ ጉልበትና በየዓመቱ በሚቆጠብ ገንዘብ ነበር፤ ልስኑ ካለፈ በኋላም በየትኛው ቀዳዳ ፌሮ እንደገባ በየትኛውም እንዳልገባ ከሠራው ሰው በቀር የሚያውቅ አይኖርም።

መስከረም 20 ቀን 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ በያቡኮዋ በኩል በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ሲገባ የታየው ልዩነት አሳዛኝም ግልጽም ነበር። የሲሚንቶ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች በአብዛኛው ሲቆሙ፣ የእንጨት ቤቶችና ያልታሰረ የቆርቆሮ ጣሪያ የነበራቸው የብሎኬት ቤቶች ክዳናቸው ተወሰደ፤ ሰማያዊ ሸራ የለበሱት ጣሪያዎች ለብዙ ወራት የድኻውን ሰፈር ከአየር ላይ ያሳዩ ነበር። የሟቾች ቁጥር በኋላ በተደረገ የዩኒቨርሲቲ ጥናት 2,975 ተብሎ ተሻሻለ፤ የብዙዎቹ ሞት ምክንያት ግን መብራት፣ ውኃና ሕክምና ለወራት መቋረጡ ነበር፤ ይህም የትኛውም ግድግዳ ሊከለክለው የማይችል ነገር ነው። በ2018 ደሴቲቱ አዲስ የሕንፃ ደንብ አጸደቀች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ከሰማይ አልነበረም። ጥር 7 ቀን 2020 መጠኑ 6.4 ሆኖ የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዋኒካን፣ ጉዋያኒያንና ያውኮን የመሳሰሉ የደቡብ ምዕራብ ከተሞችን መታ። ማሪያን ያለ ጉዳት ያሳለፉ ከባድ የአርማታ ቤቶች፣ በተለይ በቀጫጭን ኮለኖች ላይ የቆሙት፣ ወደ ጎን ተንጋድደው በመኪናቸው ላይ ተቀመጡ። ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም፦ ነፋስ ቤትን በስፋቱ ልክ ሲገፋ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ግን በክብደቱ ልክ ይገፋዋል፤ ሶሌታው በከበደ ቁጥር ከሥሩ ያሉት ኮለኖች የሚሸከሙት የጎን ኃይል ይጨምራል። በላይኛው ፎቅ ሰንሰለቱ ተሟልቶ ሳለ፣ በታችኛው ክፍት ቦታ ላይ ተበጥሶ ነበር።

ለእነዚህ ቤቶች መሐንዲሶች ያቀረቡት ዋነኛ መፍትሔ፣ በታችኛው ክፍት ቦታ ከኮለን እስከ ኮለን በቂ ግድግዳ መጨመር፣ ግድግዳውንም ቀዳዳው ፌሮ ገብቶበት በኮንክሪት ከተሞላ ብሎኬት ሠርቶ ከመሠረቱና ከላይኛው ቢም ጋር ማሰር ነው። ይህን የሚቀበል ባለቤት የመኪናውን ማቆሚያ ከፊሉን ያጣል፤ ግንበኛውም ልስኑ ሳይነካ የቆየውን ቢም ጠርቦና የተቀበረውን ብረት አውጥቶ አዲሱን ፌሮ ከአሮጌው ጋር ማያያዝ ይጠበቅበታል።