የይፋት ገበያና የፈረሱ ከተሞች

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ታላቅ መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፥ ደጋው በድንገት ያልቅና መሬቱ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ይወርዳል። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርዳም ጫፍ ተነሥቶ፥ ደብረ ሲናን አልፎ፥ 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፥ ከገብስና ከባቄላ አገር ወጥቶ ማሽላና ማሾ፥ ሽንኩርትና ማንጎ ወደሚበቅልበት ቆላ ይገባል። ይህ ቁልቁለትና ከሥሩ የተዘረጋው ሜዳ ይፋት ይባላል።

የይፋትን ስም አብዛኞቻችን የምናውቀው ከጦርነት ታሪክ ነው። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በሰብረዲን ላይ መዝመታቸውን፥ በኋላም የኢማም አሕመድ ጦር በዚሁ አገር ማለፉን ተምረናል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የታሪኩ እኩሌታ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፥ ይፋትን ታላቅ ያደረጋትና መንግሥታት ሲለዋወጡ ያቆያት ከጦር ሜዳው ይልቅ ገበያው መሆኑን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምክንያቱን ለመረዳት የአገሩን አቀማመጥ መመልከት ይበቃል። ከባሕር ጠረፍ ጭነት ተሸክሞ በረሃውን የሚያቋርጠው ግመል ነው፤ ግመል ግን የደጋውን ገደል መውጣት አይሆንለትም። ስለዚህ ሸቀጡ ከቁልቁለቱ ሥር ተራግፎ በበቅሎና በአህያ ይጫናል። ጭነት በሚለወጥበት ስፍራ ነጋዴ ያድራል፤ ነጋዴ ባደረበትም ገበያ ይቆማል፥ ቀረጥ ይጣላል፥ የጸሎት ቤት ይሠራል። የይፋት ከተሞች የተወለዱት በዚህ መንገድ ነው።

በ1285 የወላስማ ቤተ ሰብ ገዥዎች በዚሁ አካባቢ የነበረውን የሸዋን ሱልጣኔት ወግተው ግዛቱን ጠቀለሉ። በ1349 ያረፈው የግብፅና የሶርያ ሰው አል ዑመሪ፥ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የነበሩትን ሰባት የእስላም መንግሥታት ሲዘረዝር፥ ይፋት ርዝመቷ የሃያ ቀን፥ ወርዷ የዐሥራ አምስት ቀን መንገድ እንደ ነበረ ጽፏል። ፈረሰኞቿም 15000 ነበሩ ይላል። የዘይላን ወደብ ትገዛ ስለ ነበር፥ ነጋዴዎች የሚያመጡት የግብፅ ዲናርና ድርሃም በገበያዋ ይሠራበት ነበር። ጫት በአገሩ መኖሩንና ሰዎችም ቅጠሉን ይበሉት እንደ ነበረ ያስታወሰው ይኸው ጸሐፊ ነው።

ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 ሰብረዲንን ድል ካደረጉ በኋላ ያደረጉት ነገር ሊስተዋል ይገባዋል። የወላስማን ቤት ከሥሩ አልነቀሉትም፤ የሰብረዲንን ወንድም ጀማልዲንን በቦታው ሾሙ። የንግዱን መንገድ የሚያውቅ፥ በባሕር ጠረፍና በደጋ መካከል የሚያስታርቅ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር ብለን ብንገምት ከእውነት የምንርቅ አይመስለንም። በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ከዚያው ቤት የተነሡት ሐቀዲን መቀመጫቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ፤ ከእነርሱም የአዳል መንግሥት ተገኘ። የይፋት ከተሞችም ቀስ በቀስ ተፈቱ።

እነዚያ ከተሞች ግን ፈጽመው አልጠፉም። ከ2006 ጀምሮ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በአካባቢው እየዞሩ አስባሪን፥ መሳልንና ኖራን መርምረዋል። በእነዚህም ስፍራዎች የመኖሪያ ቤቶች ፍራሽ፥ የመቃብር ስፍራና የድንጋይ መስጊዶች ተገኝተዋል። የኖራ ታላቅ መስጊድ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። በይፋት ላለ ሰው መካ በስተ ሰሜን ስለ ሆነች፥ የጸሎቱ አቅጣጫም ወደ ሰሜን ነው። በኋላም እነዚሁ ተመራማሪዎች የወላስማ ገዥዎች መቀመጫ የነበረውን ከተማና በዐረብኛ የተጻፈባቸው የመቃብር ድንጋዮች ያሉበትን መካነ መቃብር ለይተው አሳውቀዋል። ስለዚህ በመጽሐፍ ብቻ የምናውቀው መንግሥት በድንጋይም ይመሰክራል ማለት ነው።

ገበያው ግን ከከተሞቹ ጋር አልተቀበረም። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት (1813–1847) ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ፋሬ ላይ ግመሉን አራግፎ ወደ አልዩ አምባ ይወጣ ነበር። አልዩ አምባ ከአንኮበር ሥር ያለች የነጋዴ ከተማ ናት። በዓርብ ገበያዋ አርጎባው፥ አፋሩ፥ ሐረሬውና አማራው በአንድነት ይገበያዩ ነበር። አሞሌ ጨው፥ ቡና፥ ሸማና የማርያ ቴሬዛ ብር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። በ1842 በዚያ የተቀመጠው ቻርልስ ጆንስተን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም የከተማይቱን ኑሮ በመጽሐፉ ተርኳል። ይሁን እንጂ የገበያውን መልካምነት ብቻ አንስተን ክፋቱን ልንሸሽግ አይገባንም፤ በአቅራቢያው አብዱል ረሱል በተባለው ስፍራ ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር።

በዚህ ዘመን ከሁሉ የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ንጉሡ በይፋት ቆላ ላይ የሾሙት እስላሙ ገዥ ወላስማ መሐመድ ይባል ነበር። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በጦር የተሸነፈው ቤት ስም፥ በክርስቲያን ንጉሥ አደባባይ የሹመት ስም ሆኖ ኖሯል! በጎንቾ የታሰሩትን የንጉሡን ወንድሞች እንኳ የሚጠብቀው ይኸው ወላስማ ነበር። በአንኮበር የመድኃኔ ዓለም ደወል ሲደወል፥ ከሥሩ ባለው ቆላ አዛን ይሰማ ነበር፤ አንዱ ያለ ሌላው መኖር እንደማይችል ሁለቱም ያውቁት ነበር።

የአልዩ አምባን ዕድል የዘጋው ጦር አይደለም፤ የመንገድ መለወጥ ነው። የምድር ባቡር በ1902 ድሬ ዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የሲራራው ንግድ ደከመ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የጣርማ በር ዋሻ ተፈልፍሎ የደሴው መንገድ ሲሠራ፥ ኑሮው ወደ ሜዳው ወረደ፤ ሸዋ ሮቢትም በመንገዱ ዳር አደገች። የጥንቱ ገበያ ወራሽ የሆነችው ሰንበቴም በስሟ ቀኗን ትናገራለች፤ በእሑድ ገበያዋ አርጎባው፥ ኦሮሞው፥ አፋሩና አማራው ይገናኛሉ።

በ2021 አጣዬ በግጭት ተቃጠለች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሸዋ ሮቢት የጦርነት ቀጠና ሆነች። ጎረቤት ጎረቤቱን በፈራበት በዚህ ዘመን፥ የይፋትን ታሪክ ማወቅ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። ልጆቻችን የ1332ቱን ዘመቻ ብቻ አውቀው የዓርቡንና የእሑዱን ገበያ ሳያውቁ ቢያድጉ፥ ጎረቤታቸውን በጠላትነት ብቻ ማወቃቸው አይቀርም።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ኖራ ቢወስዱ፥ ሹማምንትም የእነዚያን ስፍራዎች ድንበር ለይተው ቢያስከልሉ፥ የአገሩም ሽማግሌዎች የሚያውቁት ሳይሞት ቢጻፍ፥ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ጥቅም ይገኛል። ከጥንት ግድግዳ ለጎጆ ወይም ለአጥር ተብሎ የሚነሣ ድንጋይ ተመልሶ ቦታውን አያገኝም። የይፋት ድንጋዮች የአንድ ወገን ሀብት አይደሉም፤ በደጋና በቆላ፥ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን መካከል የኖረ የአንድ አገር ሰው ርስት ናቸው። ርስቱን መጠበቅም የወራሹ ፈንታ ነው።