ያልተጠየቀ መምህር፣ ያልተደመጠ ተማሪ፦ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ትምህርት ቤቶች የማሰላሰልና የተሳትፎ ነገር

ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ አደባባይ የወጡት በአብዛኛው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። መነሻው የጭልሞ ደንና የከተማዋ የኳስ ሜዳ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው መባሉ ነው። ከዚያ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 2006፣ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአዲስ አበባን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተቃውመው ወጥተው ሕይወት ጠፍቷል። ማስተር ፕላኑ በጥር 2008 ቀረ። ስለ ፖለቲካው ብዙ ተጽፏል፤ ለትምህርት ጥናት ግን ሌላ ጥያቄ ይቀራል። በወቅቱ በነበረው አሠራር መሠረት አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ፓርላማ፣ ሚኒ ሚዲያ፣ የሥነ ዜጋ ክለብ፣ የአንድ ለአምስት አደረጃጀት፣ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት፣ በዚያ ላይ የሐሳብ መስጫ ሣጥን እንዲኖረው ይጠበቅ ነበር። ይህ ሁሉ እያለ ልጆቹ ስለ ገዛ ሜዳቸው የሚያስቡትን ቀድሞ የሰማ አንድ ኃላፊ እንዴት ጠፋ?

ተማሪው የተማረውን መለስ ብሎ እንዲያስብበት ማበረታታትና ሠራተኛውን በትምህርት ቤቱ ጉዳይ ማሳተፍ በወረዳ ዕቅዶች ውስጥ በየራሳቸው ረድፍ ይጻፋሉ፤ ሪፖርታቸውም ለየብቻ ይላካል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው የሚል ነው። በሚሠራው ሥራ ላይ አስተያየቱን የጠየቀው ሰው የሌለ መምህር፣ ክፍል ገብቶ ተማሪውን ሊጠይቅ የሚችልበት ልማድም ጊዜም ድፍረትም አያገኝም።

የመምህሩ አለመጠየቅ የቆየ ታሪክ አለው። ሴክተር ሪቪው እየተባለ የሚጠራው፣ በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ በሐሳቡ ደፋር ሰነድ ነበር፤ መሠረታዊ ትምህርትን ለገጠሩ ሕዝብ በስፋት ለማዳረስ ያለመ ነው። ሆኖም መምህራኑ ሳይመክሩበት ተዘጋጅቶ ለረጅም ጊዜ በዝግ ስለቆየ፣ በ1966 ይፋ መሆን ሲጀምር ወሬው ከሰነዱ ቀድሞ በየቤቱ ገባ። ወላጅ «የድኻ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም ነው» ብሎ ተረዳው። መምህሩ ደመወዙና ዕድገቱ ሊነካ እንደሆነ ጠረጠረ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በየካቲት 1966 የጠራው የሥራ ማቆም አድማ ተማሪውንም አስከትሎ ከአብዮቱ ማዕበል ጋር ተቀላቀለ። ጥናቱ መታረም ይችል እንደሆነ ለማየት እንኳ ዕድል አልተገኘም። በሥራ ላይ የሚያውለው ሰው መጨረሻ ላይ የሚሰማው ዕቅድ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በትምህርት ታሪካችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች የውስጥ አስተዳደራቸውን ራሳቸው እንዲመሩ፣ በቦርዶቻቸውም መምህራንና ተማሪዎች እንዲቀመጡ ይፈቅድ ነበር። አገሪቱ ከዚያ በፊት፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በግንቦት 1983፣ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ተቀብላ ነበር፤ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና የመደመጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም መጣ። ፕሮግራሙ በመማር ማስተማር፣ በምቹ አካባቢ፣ በአመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ ላይ የቆመ ነው፤ መነሻውም ግለ ግምገማ ነው። ተማሪ፣ መምህርና ወላጅ ቅጽ ይሞላሉ፣ ከዚያ የሦስት ዓመት ዕቅድ ይወጣል። በወረቀት ደረጃ ብዙ የሚነቀፍበት ነገር የለም።

(በመካከሉ ፕላዝማ ነበር። ከ1997 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ሲሰጥ፣ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል የያዘው ጥያቄ የማይሰማና ፍጥነቱን የማይቀንስ አስተማሪ ነበር። መምህሩ ማብሪያ ማጥፊያውን ይዞ ቆመ። ስለ ተሳትፎ የሚያወራው ሰነድና ፕላዝማው በአንድ ዘመን ከአንድ ሚኒስቴር መውጣታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።)

ስለ ማሰላሰል ዘመናዊው የትምህርት ጽንሰ ሐሳብ ከጆን ዱዊ ይነሣል። ዱዊ ማሰላሰልን የሚጀምረው ከግራ መጋባት ነው፤ ሰው በተግባሩ አንድ ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው ቆም ብሎ ያስባል። ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ወደ ባለሙያው የዕለት ሥራ አወረደው። ወደ እኛ አገር ሐሳቡ በከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር በኩል በመምህራን አሠልጣኞች ዘንድ ገባ፤ ቀጥሎም በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ በኩል ወደ ሁሉም መምህራን ወረደ። መመሪያው አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለዚህ እንዲያውል ያዛል። ጊዜው ትንሽ አይደለም። ችግሩ ሰዓቱ የሚረጋገጠው በፖርትፎሊዮ መሆኑ ነው። ፖርትፎሊዮው ደግሞ ለሱፐርቫይዘር የሚታይ ነገር ነው፤ ለሱፐርቫይዘር የሚታይ ነገር ሁሉ እንደሚሆነው፣ የዓምናው ቀኑ ተቀይሮ ይቀርባል፣ የጎረቤቱ ይገለበጣል። ዱዊ ያለው ግራ መጋባት በዚያ ማኅደር ውስጥ ቦታ የለውም፤ እዚያ የሚቀመጠው የተሳካው ብቻ ነው።

ከወረቀቱ የባሰ ሌላ ሸክምም አለ። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ሰው ራሱን በሰው ፊት የሚመረምርበት ልማድ ከሁለት መንግሥታት የወረስነው ነው። በደርግ የውይይት ክበብ ሂስና ግለ ሂስ ነበር፤ በኢሕአዴግ ዘመን ግምገማ ሆነ። በሁለቱም ጉድለቱን የተናገረ ሰው ቃሉ ተመዝግቦ ይቀመጥበት ነበር። እንግዲህ ጉደር ወይም ጌዶ ያለ አንድ መምህር «ይህን ምዕራፍ ግማሹ ክፍል አልገባውም፤ እኔም እንዴት እንደማስረዳው አላወቅሁም» ብሎ ቢጽፍ፣ ጽሑፉ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይ ነጥብ እንደማይቀንስበት ምን ዋስትና አለው? አንድ ለአምስትም ከዚሁ ጣጣ አላመለጠም። ጎበዙ ደካማውን እንዲያግዝ የታሰበ የጥናት ቡድን፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መረብ ሲሆንና ሪፖርት ሲጠየቅበት፣ ልጆቹ ሳይቀሩ አፋቸውን የሚቆጥቡበት ቦታ ሆነ። ስለዚህ መምህሩ ስለ ሥራው የሚጽፈው የማሰላሰያ ማስታወሻና የምዘና ማኅደሩ በጥብቅ መለየት አለባቸው። ይህ ካልተደረገ የቀረው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው።

በምዕራብ ሸዋ በተለይ የሚታይ ሌላ እንቅፋት ቋንቋ ነው። ልጁ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። ያልገባውን ነገር በማይገባው ቋንቋ እንዲያብራራ የተጠየቀ ልጅ ዝም ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩን ወደ መሬት ለማውረድ፣ የፈተና ወረቀት የሚመለስበትን ቀን እንመልከት። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው እንበል። ወረቀቱ ይታደላል፤ ልጁ በቀይ የተጻፈውን ውጤት ያያል፤ ግማሽ ማርክ የቀረበት ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ይሮጣል፤ ሌላው አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ይከታል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አዲስ ርዕስ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። መምህሩ አይወቀስም፤ ስድሳ ስድሳ ተማሪ ያለባቸው ሰባት ክፍሎች ከያዘ 420 ወረቀት አርሟል፣ ማርክ ሊስቱም እየተጠበቀ ነው። ይሁንና የዓመቱ ጠቃሚ መረጃ በዚያች ቅጽበት በየደብተሩ ተቀብሮ ይቀራል።

በዚያው ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ቢሰጥ ምን ይሆናል? ተማሪው ስም በሌለበት ግማሽ ገጽ ላይ፣ በሚቀለው ቋንቋ፣ የሳተውን አንድ ጥያቄ መርጦ የሳተበትን ምክንያት ይጽፋል፦ የእንግሊዝኛው አረፍተ ነገር አልገባኝም፣ ቀመሩን ረሳሁ፣ ጊዜ አጠረኝ፣ ያ ትምህርት ሲሰጥ አልነበርኩም። መምህሩ 420ውን አያነብም። በአንድ ዴስክ የተቀመጡት ያነባሉ፣ የክፍል አለቃው በሰሌዳው ላይ ይቆጥራል። ከስድሳው አርባው «ጥያቄው አልገባኝም» ብለው ከሆነ፣ መምህሩ የትኛውም ሱፐርቪዥን የማይሰጠውን ነገር አወቀ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ የሠራተኛው ድርሻ ነው። የሒሳብ ትምህርት ክፍል መምህራን ቆጠራዎቻቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ምናልባት የእንግሊዝኛ መምህሩንም ይጠራሉ፤ ያ ስብሰባ ከ60ው ሰዓት ላይ ይታሰብላቸዋል። ተማሪው ያሰላሰለው የመምህሩ ማሰላሰያ ሆነ ማለት ነው። ወጪው የወረቀት ነው።

ይህ የቅንጦት ሐሳብ ነው የሚል ይኖራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በ2014 ከወሰዱት 3.3 በመቶው፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶው ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ሲያመጡ፣ ትምህርት ቤቶች የተከተሉት መንገድ ቲቶሪያል መጨመር ነው፤ ቅዳሜም ተያዘ። ልጁ የት ጋ እንደሚስት ሳይታወቅ የሚጨመር ሰዓት ግን ያንኑ ስሕተት የማጽናት ዕድሉ ሰፊ ነው።

አምቦ ለልጅ አንደበት እንግዳ አይደለችም። ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ቦዳ የተወለደው ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ታዳጊ የአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሰስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት መታየቱ ይነገራል። ስለ አንድ አምባገነን የተጻፈ የልጅ ተውኔት ንጉሥ ፊት እንዲቀርብ የፈቀደ መምህር መኖር ነበረበት፤ ስለ ጸጋዬ ሲወራ ግን ያንን መምህር የሚያነሣ እምብዛም ነው። ዛሬ በዕረፍት ሰዓት የሚጮኸው ሚኒ ሚዲያ በአመዛኙ ዘፈን፣ የልደት መልካም ምኞትና የዳይሬክተሩ ማስታወቂያ ነው። ስክሪፕቱ ቀድሞ ይታያል፤ የሚያየውም መምህር ራሱ እንዳይጠየቅ የሚፈራ ነው።

ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል አስቀምጦ፣ የታችኞቹን ሦስቱን ከተሳትፎ አይቆጥራቸውም፤ ልጁ ለጌጥ የሚቀርብባቸው ናቸው። በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ስብሰባ ላይ ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጦ ቃለ ጉባኤውን መጨረሻ ላይ የሚፈርም የተማሪ ተወካይ እዚያ ነው ያለው። በዚህ ረገድ መምህራኑም እምብዛም አይሻሉም፤ የሚወያዩበት ዕቅድ ብዙውን ጊዜ ከዞን ወይም ከወረዳ ቁጥሩ ተሞልቶ የመጣ ነው።

የወረዳና የከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በጀታቸው በአመዛኙ ደመወዝ ስለሆነ፣ ተማሪው ያነሣውን ሁሉ ይፈጽሙ ማለት አይቻልም። ስለዚህ መጀመር ያለበት ትምህርት ቤቱ ራሱ ከሚወስነው ጉዳይ ነው፦ ከፈተና ፕሮግራም፣ ከመጸዳጃ ቤት ቁልፍ፣ ከፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት። ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት እንዲከፈት ጠይቀው ከሆነ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ በጉዳዩ ላይ ስብሰባው ውስጥ ትቀመጥ፤ የሚነካው የእሷ የምሳ ሰዓት ነውና። የተወሰነው ነገር፣ እሺም ይሁን እምቢ፣ ከነምክንያቱ በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ይነበብ።