ሀገር ፍቅር ቴአትር፦ ከፒያሳ እስከ ወሊሶ

ሀገር ፍቅር ቴአትር በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩ የኪነ ጥበብ ተቋማት አንዱ ነው። የተመሠረተው በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ያኔ «የሀገር ፍቅር ማኅበር» ይባል ነበር። ከመሥራቾቹ መካከል አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ በዋናነት ይጠቀሳሉ። ፋሺስት ኢጣሊያ ለወረራ በምትዘጋጅበት በዚያ ወቅት ማኅበሩ በንግግርና በዜማ ሕዝቡን ለሀገሩ መከላከል ያነሣሣ ነበር።

ወረራው ይህን ሥራ አቋረጠው። ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ እንደገና ተቋቁሞ ተውኔት፣ ባህላዊ ሙዚቃና ውዝዋዜ ማቅረቡን ቀጠለ። ዛሬም ቴአትር ቤቱ በፒያሳ ይገኛል።

ባለሙያዎቹ ከመዲናዋ ውጭም እየተጓዙ ትርኢት ያሳዩ ነበር። በወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ያቀረቡት ዝግጅት በተለይ ይታወሳል። በአያቱ ዘንድ ያድግ የነበረው ተማሪ ጥላሁን ገሠሠ፣ ዘፋኝ የመሆን ፍላጎቱን ከቡድኑ አባላት አንዱ ለነበረው ለኢዮኤል ዮሐንስ ገለጸ። ኢዮኤልም ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ መከረው። ታዳጊው ከቤት ወጥቶ በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ ተጓዘ፤ ዘመዶቹ ወደ ወሊሶ ቢመልሱትም ሐሳቡን አልተወም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ገብቶ በሀገር ፍቅር ተቀጠረ፤ በኋላም የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራን ተቀላቀለ።

ይህ ታሪክ የጉዞ ትርኢት ፋይዳ ከመዝናኛነት እንደሚያልፍ ያሳያል። ቴአትር ቤት በሌለበት ከተማ ነዋሪው ጥበቡን በደጁ ያያል፤ ተሰጥኦ ያለው ወጣትም የሚያማክረው ባለሙያ በቀዬው ያገኛል።